በሲምስ 4 የትኛው ከተማ ይሻላል? ቤቱን ትታችሁ ሰማዩን እዩ

ሲምስ 4 ሰው ፈጥራችሁ ኑሮውን የምትመሩበት ጌም ነው፤ የምትፈጥሩት ሰው ሲም ይባላል። ጌሙን አዲስ የከፈተ ሰው የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ፊት ሲሠራ ያሳልፋል። አፍንጫ ይጎትታል፣ ጸጉር ይቀይራል፣ ቅንድብ ያሳሳል። ሲጨርስ ካርታ ይመጣለታል። ካርታው ላይ ከተሞች አሉ፤ ከአንዱ ውስጥ ሲሙን ማስፈር አለበት። እዚህ ጋ ሲደርስ ግን ደክሞታል። ቆንጆ ቤት ያየበትን ይነካና ያልፋል።

እኔም እንደዚያው ነው የጀመርኩት። አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ቤቱን ተዉት። ቤት ይፈርሳል፣ ቤት ይሠራል። ገንዘብ ካለ በአንድ ምሽት ቪላ ይቆማል። እንዲህ በቀላሉ የማትቀይሩት ከበሩ ውጭ ያለውን መንገድና ከላይ የሚወርደውን ነው። ዝናብ ነው? በረዶ ነው? ወይስ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ? እኔ ከተማ የምመርጠው በዚህ ነው።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እንግባባ።

በሲምስ 4 ከተማ መዞር ከዳር እስከ ዳር መሮጥ አይደለም። በ2009 የወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሲምስ 3 ከተማው ክፍት ነበር፤ መኪና አስነስቶ መሄድ ነው። በ2014 የመጣው ሲምስ 4 ከተማውን በሰፈር በሰፈር ከፋፈለው። ያላችሁበት ሰፈር ውስጥ መንገዱና ዛፉ፣ ወንዙም ካለ ወንዙ ክፍት ነው፤ ሲማችሁ በእግሯ ትዞራለች። የጎረቤት ቤት ስትገባ ወይም ወደ ሌላ ሰፈር ስትሻገር ግን ሎዲንግ ይመጣል። ደካማ ላፕቶፕ ላይ ያ ሎዲንግ ቡና አፍልቶ አቦሉን ለመጠጣት ይበቃል። ስለዚህ ምርጫችሁ ከተማ ብቻ አይደለም፣ ሰፈርም ጭምር ነው። ውሃ ዳር ያለ ሰፈር ከያዛችሁ ዓሣ እደጃፋችሁ ነው። እንቁራሪት የምትለቅሙበት፣ ድንጋይ እየፈለጣችሁ ክሪስታል የምታወጡበት ሰፈርም አለ። ከሰበሰባችሁት ውስጥ የማትፈልጉትን ትሸጣላችሁ። አንድ ሲም 20,000 ሲሞሊዮን፣ ማለትም የጌሙን ገንዘብ፣ ይዛ ነው የምትጀምረው፤ ቤት ገዝታ አልጋና ምድጃ ካስገባች ኪሷ ባዶ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እንቁራሪት ሽጣ ብትኖር አታፍሩባት።

ሁለተኛው ነገር፣ ዋናው ጌም ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በነጻ ነው። በነጻው ጌም ከሚመጡት ከተሞች ግን ዝናብ የለም። በረዶም የለም። ይነጋል፣ ይመሻል፣ በቃ። ዝናቡን የሚያመጣው ሲዝንስ የሚባለው ኤክስፓንሽን ፓክ ነው፤ ፓክ ማለት በዋናው ጌም ላይ ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ነው፤ የወጣው በጁን 2018 ነው። የራሱ ከተማ የለውም። «ከተማ ከሌለው ለምን 40 ዶላር እከፍላለሁ?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ሒሳቡን ገልብጦ ነው የያዘው። ሌላው ፓክ አንድ ከተማ ይጨምርላችኋል። ሲዝንስ ያሏችሁን ከተሞች ሁሉ አዲስ ያደርጋቸዋል፤ ነገ የምትገዙትንም ጭምር። አንድ ፓክ ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ በጭፍን እሱን ግዙ። በሙሉ ዋጋ ግን አይደለም። ቅናሽ ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣ ሙሉውን የሚከፍል የቸኮለ ሰው ነው። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ መክፈያ ካርድ ካጣችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ውጭ ያለ ዘመድ የልደት ስጦታ ጠይቁ።

እግረ መንገዴን ስለ ስም ላንሳ። ጌሙ አራት ወቅት አለው፤ ዊንተሩን ግን ክረምት ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። የእኛ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 የሚወጣው፣ ዝናብና ጭቃ ያለበት ነው። የጌሙ ዊንተር በረዶ ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ክረምት መጣ ብዬ ለሲሜ ጃንጥላ ገዛሁላት። ጃንጥላዋን ይዛ በብርድ ሰማያዊ ሆነች። ከዚህ በኋላ የበረዶው ወቅት እያልኩ እቀጥላለሁ።

የነጻዎቹ ሦስቱ

ዊሎው ክሪክ ወንዝና ትልልቅ ዛፍ ያለው ለምለም ከተማ ነው። መልኩ ከአሜሪካዋ ኒው ኦርሊየንስ የተቀዳ ነው። በሲምስ ጌሞች የታወቀው የጎት ቤተሰብ፣ እነ ቤላና ሞርቲመር፣ የሚኖሩት እዚህ ነው። ኦኤሲስ ስፕሪንግስ በረሃ ነው፤ ቁልቋል፣ ቀይ ድንጋይ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ። ኒውክረስት በ2015 የተጨመረ ባዶ መሬት ነው፤ 15 ቦታ አለው፣ አንድም ቤት የለውም። መገንባት ለሚወድ ሰው ገነት ነው። ለዟሪ ግን ጎረቤት የሌለበት አዲስ ሰፈር ውስጥ ብቻ መኖር ማለት ነው።

ሲዝንስ ከሌላችሁ በዊሎው ክሪክና በኦኤሲስ መካከል ያለው ልዩነት የቀለም ነው፣ አንዱ አረንጓዴ አንዱ ቡናማ። ሲዝንስ ሲገባ ነው የሚለያዩት። ዊሎው ክሪክ አራቱንም ወቅት ሙሉ በሙሉ ይቀምሳል። ቅጠሉ ይቀላል፣ ይረግፋል፣ ግቢው ውስጥ ይከመራል፣ ከዚያ በረዶው ይመጣል። ኦኤሲስ ላይ ግን በረዶ አይወርድም። የበረዶው ወቅት ሲገባ ሌላው ሲንቀጠቀጥ እዚያ ያለ ሰው ዘና ብሎ ይከርማል። ዋጋውን የሚከፍለው በበጋ ነው። ወበቁ ሲጠና፣ ወፍራም ልብሷን ያላወለቀች ሲም ፊቷ ይቀላል፣ ካልተገላገለችም ትሞታለች።

አዎ፣ በአየር ጠባይ ይሞታል። ይህን ቀድማችሁ እወቁት። በሙቀትም በብርድም ይሞታል። መብረቅም አለ፤ አንዴ የመታትን ሲም ሳታገግም ከደገማት አለቀላት። ዛፍ ሥር ቆማ መጽሐፍ የምታነብ ሲም ካያችሁ አስገቧት። ጌሙ ቀድሞ ምልክት ስለሚሰጥ የምትሞተው ያላያት ሰው ሲም ናት። ይህ ጭንቀት ካልተመቻችሁ ሙቀትና ብርድ ሲሞችን እንዳይጎዳ ከሴቲንግ ውስጥ ማጥፋት ይቻላል። እኔ አጥፍቼው አላውቅም፤ ጣሙ እሱ ነው።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ትርንጎ የምትባል ሲም ነበረችኝ፣ ዊሎው ክሪክ ውስጥ። ሠርጓን መናፈሻ ላይ ደገስኩ። ወንበር ደረደርኩ፣ ኬክ አስቀመጥኩ፣ ቅስቱን በአበባ ሞላሁ። ወቅቱን አላየሁም። ሙሽራዋ ትከሻዋ ባዶ የሆነ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች፣ እንግዳው ሁሉ የሠርግ ልብሱን ለብሷል። በረዶው መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ፎቶ ሁሉ አነሳሁ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ እጁን እያሻሸ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሌላዋ ተከተለች። የትርንጎ ቆዳ ሰማያዊ ሆነ። ድግስ ላይ ስለሆኑ ሁሉም የድግስ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነው፣ ካፖርት የሚደርብ የለም። ቃል ኪዳኑን ሳይጨርሱ ሙሽራዋን እየነዳሁ ቤት አስገባኋት፣ ትኩስ ሻይ አጠጣኋት። ኬኩን ውጭ በረዶ ሸፈነው።

ከዚያ በኋላ ነው ከተማ ስመርጥ ሰማይ ማየት የጀመርኩት።

በነጻዎቹ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዊሎው ክሪክና ኦኤሲስ የተደበቀ ቦታ አላቸው። ዊሎው ክሪክ ውስጥ ከሌሎቹ የሚለይ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ውሃ አጠጡት፣ አዋሩት፣ እንደገና አጠጡት፤ በመጨረሻ ይከፈትና ወደ ውስጥ ያስገባችኋል። ኦኤሲስ ላይ ደግሞ በሳንቃ የተዘጋ የድሮ የማዕድን ጉድጓድ አለ። እሱን ለመክፈት የጥገና ሙያችሁ ደረጃ 10 መድረስ አለበት፤ ብዙ ቧንቧ መጠገን ይጠይቃል። ትዕግሥት ለሌለው ሰው የዊሎው ክሪኩ ይቀላል።

ሱላኒ ወይስ ኮሞሬቢ?

ወደሚገዙት ከተሞች ስንመጣ ሰማያቸው ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ሁለቱን አስቀድማለሁ።

ሱላኒ በ2019 አይላንድ ሊቪንግ ከሚባለው ፓክ ጋር የመጣ የደሴት አገር ነው። በረዶ አያውቅም። ባሕሩ ከበራችሁ ይጀምራል። ውሃው ላይ በእንጨት ቋሚ የተሠራ ቤት መግዛትም ይቻላል፤ ጠዋት ከአልጋ ተነስቶ ባሕር ውስጥ መዝለል ነው። የባሕር ዳርቻው ቆሻሻ አለበት፤ እያጸዳችሁ ስትሄዱ ውሃውም ደሴቱም ቀስ በቀስ ይለመልማል። ሦስት ሰፈር አለው። ሙአ ፔላም የሚባለው እሳተ ገሞራው ያለበት ነው። ሲፈነዳ ትኩስ ድንጋይ ግቢ ድረስ ይወረውራል። እዚያ ሰፈር ላይ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ዕቃችሁን ውጭ አትደርድሩ።

ማውንት ኮሞሬቢ በ2020 ከስኖዊ ኢስኬፕ ጋር የመጣ፣ የጃፓንን ተራራማ አገር የሚመስል ከተማ ነው። ሲዝንስ ባይኖራችሁም እዚህ በረዶ አለ። ለዚህ ነው «ከተማም ሲዝንስም መግዛት አልችልም» ለሚል ሰው ጥሩ መካከለኛ መንገድ የሚሆነው። በረዶውን ካገኛችሁ፣ የምትሠሩበት ነገርም አብሮት ይመጣል፤ ስኪ፣ ስኖውቦርድ፣ ተራራ መውጣት። ዩኪማትሱ የሚባለው ከፍተኛው ሰፈር የበረዶ ስፖርቱ ቦታ ነው። ሲደክማችሁ ፍል ውሃው ውስጥ ትነከራላችሁ፤ ዙሪያው በረዶ፣ ውሃው እንፋሎት። ፍል ውሃ መግባት የለመደ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሴንባማቺ ደግሞ ጠባብ መንገድና ሱቅ ያለበት መሃል ከተማው ነው።

ከሁለቱ የትኛው? ለአጭር ጊዜ ኮሞሬቢ፣ ለረጅም ጊዜ ሱላኒ እላለሁ። ኮሞሬቢ ላይ ሁለት ሳምንት አስደሳች ነው። ልጅ ሲወለድ፣ ሥራና ትምህርት ሲመጣ ግን የተራራ ብርድ ይሰለቻል። ሱላኒ ግን አይሰለችም። ሱላኒ ውስጥ ሰው ይሰንፋል፤ እኔ እዚያ ያሰፈርኳት ሲም አንድም ቀን ሥራ አልገባችም፣ ዓሣ እየሸጠች ኖረች።

ለእግረኛ

በሰፈር መዞር የሚወድ ሰው ከሆናችሁ ሦስት ከተሞችን ብቻ እዩ። እዚህ ላይ ነው እኔ ብዙ ሰዓት ያጠፋሁት።

ሳን ማይሹኖ በ2016 ከሲቲ ሊቪንግ ጋር መጣ። ፎቅ በፎቅ ነው። የምትኖሩት አፓርታማ ውስጥ ሲሆን ነገሩ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ኖሮ ለሚያውቅ ሰው ያስቃል። ጎረቤት ሌሊት ሙዚቃ ይከፍታል፣ ሄዳችሁ በሩን ትደበድባላችሁ። በረሮ ይገባል። መብራት ያስቸግራል። ርካሹ ቤት ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው። ከታች ግን መንገዱ ሕያው ነው፤ የምግብ ጋሪ፣ የመንገድ ላይ ሙዚቀኛ፣ ተራ በተራ የሚመጣ ፌስቲቫል። የቅመም ፌስቲቫሉ ቀን አደባባዩ ይሞላል። በአየር ጠባይ በኩል ግን ሳን ማይሹኖ ይከሽፍብኛል። ግቢ የለም፤ አብዛኛው አፓርታማ ዝናቡን በመስኮት የምታዩበት ነው። በረዶ የሚነካ፣ ቅጠል የሚጠርግ የለም። አትክልት ማልማት የሚፈልግ ሰው በረንዳ ላይ ማሰሮ ሲደረድር ይኖራል። ሰው ለሚወድ ሰው ምርጥ ነው፣ ሰማይ ለሚወድ ሰው አይደለም።

ዊንደንበርግ በ2015 መጨረሻ ከጌት ቱጌዘር ጋር መጣ። 27 ቦታ አለው፤ ትልቅ ነው። የአውሮፓ የድሮ ከተማ መልክ አለው፣ ነጭ ግድግዳ ላይ ጥቁር እንጨት የተጋደመበት ቤት። ደግሞም አንድ ከተማ ብቻ አይመስልም። መሃል ከተማ አለ፣ ገጠር አለ፣ ዘመናዊ ቤት የሞላበት ደሴት አለ። ጫካ ውስጥ የፈረሰ ጥንታዊ ሕንጻ አለ፤ ወጣቱ ሌሊት እዚያ ይጨፍራል። ገደል ሥር የተፈጥሮ መዋኛ አለ። ዊንደንበርግን የምወደው ወቅት ሲቀየር ሦስት ጊዜ ስለሚቀየር ነው። ቅጠል ሲረግፍ ገጠሩን ዞራችሁ ታያላችሁ፣ በረዶ ሲወርድ መሃል ከተማውን፣ ሲሞቅ ደሴቱን። አንዱን ከተማ ገዝታችሁ ሦስት የምታገኙበት ነው።

ሄንፈርድ ኦን ባግሌይ በ2021 ከኮተጅ ሊቪንግ ጋር የመጣ የእንግሊዝ ገጠር ነው። 12 ቦታ ብቻ ነው ያለው። ሰዉ ይተዋወቃል፣ ይላላካል፤ አንዷ አሮጊት እንቁላል አምጪልኝ ትላለች፣ ሌላው መልእክት ይሰጣል። ላም፣ ዶሮ፣ ላማ ታረባላችሁ። ቀበሮ እንቁላል ሊሰርቅ ይመጣል። ፊንችዊክ የምትባለው መንደር ላይ የእርሻ ምርት ውድድር አለ፤ ትልቁን ዱባ ይዞ የቀረበ ይሸለማል። ከሁሉም ከተማ ሲዝንስ ሥራ የሚይዘው እዚህ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ያለውን አትክልት ያጠጣላችኋል፤ ያን ቀን ባልዲ ማንሳት የለም። ወቅቱ ያልሆነ ተክል ግን እንቅልፍ ይይዘዋል። አይሞትም፣ አያፈራም። መጀመሪያ ያጋጠመው ሰው ማሳዬ ደረቀ ብሎ ይነቅለዋል፤ አትንቀሉት፣ ወቅቱ ሲመለስ ይነሳል። ዓመቱን ሙሉ ማምረት ከፈለጋችሁ ጣሪያ ያለው የመስታወት ቤት ሠርታችሁ ወደዚያ አስገቡት።

ምርጫዬን አልደብቅም። እርሻ ለሚወድ ሄንፈርድ፣ ለቀረው ሁሉ ዊንደንበርግ። ሳን ማይሹኖን የምመክረው ለቀረጻና ለወሬ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ

ብሪንድልተን ቤይ የባሕር ዳር ጸጥታ ያለበት ነው፤ ውሻና ድመት ካላሰባችሁ አትግዙት። ኤቨርግሪን ሃርበር ግን አንድ ለየት ያለ ነገር አለው። እዚያ ሰማዩን የምትቀይሩት እናንተው ናችሁ። ፋብሪካ ከመሰለ ኑሮ ጋር አየሩ ይጨልማል፣ ጭስ ይውጠዋል። ሰፈሩ ወደ ንጹሕ ኃይል ሲዞር ጭሱ ይገፈፋል፣ ሌሊቱ ላይም ባለቀለም ብርሃን ይታያል። በዝናብ ከመሰላቸት ይሻላል ለሚል ሰው ጥሩ ነው፤ ለጀማሪ ግን ሥራ ይበዛዋል።

የወቅቱን ርዝመት ሳትነኩ አትጀምሩ

ጌሙ እንዳለ ሲመጣ አንድ ወቅት 7 ቀን ነው። ወደ 14 ወይም 28 ማድረግ ይቻላል። በሄንፈርድ 14 ይሻላል፤ 7 ቀን ለተክል ቶሎ ያልቃል፣ ገና ሳትሸጡት ወቅቱ ይወጣል። በዊንደንበርግ 7 ይበቃል፤ መልኩ ቶሎ ቶሎ ሲለዋወጥ ነው የሚያምረው። 28ን ለማንም አልመክርም። በመደበኛው የዕድሜ ፍጥነት የአንዲት ሲም የወጣትነት ጊዜ አንድ ወቅት ሳይሞላ ሊያልቅ ይችላል። በበጋ ወጣት ሆና በረዶ ስታይ ጎልማሳ ናት።

ስለ ላፕቶፕም አንድ ቃል። ጌሙ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፤ ፓክ በበዛ ቁጥር ይከብዳል። ሁሉንም ከተማ መጫን አያስፈልግም። ስልክ ላይ ሲምስ የሚል ስም ያላቸው ጌሞች አሉ፣ ከዚህ ጋር ግን አንድ አይደሉም፤ ይህን ሰማይ እዚያ አትፈልጉት።

ምርጫችሁ ደግሞ ጋብቻ አይደለም። ወቅቱ ለሁሉም ከተማ አንድ ነው፣ የዕለቱ አየር ግን ከከተማ ከተማ ይለያል። ሲማችሁ ስልኳን አውጥታ ከበረዶው ወደ ፀሐይ መሄድ ትችላለች። ቤተሰቡን ነቅሎ ሌላ ከተማ ማስፈርም ይቻላል፤ ዕቃውን ይዞ መሄድ ወይም ሸጦ በገንዘቡ መሄድ የእናንተ ምርጫ ነው።

እኔ ትርንጎን ወደ ዊንደንበርግ አዛወርኳት። ያልተጨረሰውን ሠርግ ግን ሱላኒ ላይ ደገስኩላት። በረዶ በማያውቅ አገር፣ ባሕር ዳር፣ በበረዶው ወቅት አጋማሽ። እንግዳው ተሰበሰበ፣ ኬኩ ወጣ፣ ማንም አይንቀጠቀጥም። ቃል ኪዳን ሊገቡ ሲሉ ነጎድጓድ ሰማሁና ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁት። ጃንጥላው ዊንደንበርግ ቀርቷል።